ባር ባር የሚለው ሆድ

የአረጋውያንን ጭንቀት ለመለካት ከተዘጋጁት መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው፣ በአውስትራሊያ የኵዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የደከሙበት ነው። 20 አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ አረጋዊው «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ብሎ ይመልሳል። ከ20ዎቹ አንዱ በእንግሊዝኛው ሆድ ውስጥ ስለሚበርሩ ቢራቢሮዎች ይናገራል።

ይህን ቃል በቃል ተርጉመን ደብረ ታቦር ሆስፒታል ለተኙ አንድ የፋርጣ ሽማግሌ ብናነብላቸው ምን ይሉ ይሆን? ስለ ወስፋት የተጠየቁ ሳይመስላቸው አይቀርም። ቋንቋችን ግን ለዚህ ስሜት ድሃ አይደለም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ይላል የአገሬ ሰው፤ ጭንቀቱን ከነመኖሪያው ይናገራል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጉና ሥር ገበሬ የሆኑ አባት «ይጨነቃሉ?» ተብለው ቢጠየቁ፣ ያውም ልጃቸው ራስጌ ቆሞ እየሰማ፣ መልሳቸው «እግዜር ይመስገን» ነው። ይህ ምስጋና ነው፤ ጨዋነትም ነው፤ መልስ ግን አይደለም። ቅጹን የሚሞላው ባለሙያ «አልስማማም» ብሎ ይመዘግበዋል። ሌሊቱን ዐይናቸው ሳይከደን ያደሩት ሰው ጭንቀት የለባቸውም ተብለው ይታለፋሉ።

መጠይቁ ይቅር አልልም፤ ያለ መለኪያማ ጭንቀታቸው «እርጅና ነው» ተብሎ ይቀራል። ትርጉሙን ግን ለሐኪም ብቻ አንተወው፤ የቅኔ መምህራንም፣ ሙሾ አውራጅ እናቶችም ቃል ያዋጡ። አስታማሚውም ለጥቂት ደቂቃ ወደ ደጅ ይውጣ። ከዚያ በፊት ቅጹ ይታጠፍና፣ በሬዎቹን ማን እንደያዘላቸው፣ ገብሱን ማን እንደሚያጭድላቸው ይጠየቁ።