«ወደ ክፍልህ ግባ!» የትኛው ክፍል?

የልጅ አስተዳደግ ኮርስ በኮሌጅ የምታስተምሩ ወዳጆች፣ ለሚቀጥለው ሴሚስተር መጽሐፍ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል።

ብዙ ጊዜ የምንይዘው የአሜሪካን መማሪያ መጽሐፍ ነው። እዚያ ላይ ልጅ ሲያጠፋ ወደ ክፍሉ ይላካል። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅስ የት ይላክ? መጽሐፉ ስለ እናትና አባት ያወራል፤ እናቱ አረብ አገር ሄዳ አያቱ ጋር የሚያድገው ልጅ ግን የለበትም። ተማሪዎቻችን ተመርቀው ሲወጡ የሚጠብቋቸው እነዚህ ቤተሰቦች ናቸው።

መጽሐፉን ጣሉት እያልኩ አይደለም። የዳያና ባውምሪንድ የወላጅ ዓይነቶች ይማሩ። ግን ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በአብዛኛው መካከለኛ ኑሮ ባላቸው ነጭ ቤተሰቦች ላይ መሠራቱም አብሮ ይነገር። ሩት ቻኦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የቻይናውያን አስተዳደግ በዚያ መለኪያ በትክክል አይገለጽም ብላ ተከራክራለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ «የእኛስ?» ማለቱ አይቀርም።

«የእኛ የት ተጽፎ?» ለሚል መልስ አለ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል፤ ሪፖርቶቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ቤት ውስጥስ? ይሄ ብቻውን ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ክርክር ነው።

ተረትና ምሳሌም ማስተማሪያ ነው። ግን ለማሳመሪያ ሳይሆን ይመርመር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ስንል ልጁን ምን እያልነው ነው? «ባህላችን ነው» ተብሎ ዱላም ዝም ብሎ አይለፍ።

የእኔ መመዘኛ አንድ ናት፦ ተማሪው ነገ ጉሊት ነግዳ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ፊት ሲቀመጥ፣ ከተማረው ውስጥ ማታ ቤቷ ገብታ ልትሞክረው የምትችል ነገር ይነግራታል ወይ? ካልቻለ ፈተናውን በኤ ቢያልፍም ኮርሱ ወድቋል።

እናንተ ምን እየተጠቀማችሁ ነው? ጥሩ ያላችሁትን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፣ እንቀባበል።