የኤፍሬም አባት ጥፋቱ ምንድን ነው?

የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ያየ ተማሪ ከአዳራሽ ሲወጣ ሁለት ነገር ይላል፤ ተራራው ያምራል፣ አባትየው ጨካኝ ነው። በተራራው እስማማለሁ። በአባትየው ግን እከራከራለሁ።

ፊልሙን ላላየ ባጭሩ ልንገር። በ2007 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካን የፊልም በዓል ለይፋዊው ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱን ረሃብ ነጥቆታል። አባቱ አብርሃም ልጁን ከነበጉ ዘመድ ቤት አስጠግቶ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ የምግብ ሙያ አለው፤ ከእናቱ የቀሰመው ነው። አጎቱ ሰሎሞን ግን ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ሲያይ ያፍራል፤ በጉንም ለመስቀል አርዳለሁ ብሎ ይነሣል። ኤፍሬም ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ያወጣል፤ ሐሳቡ የአውቶቡስ መሳፈሪያ አጠራቅሞ ወደ አገሩ መመለስ ነው።

አሁን ወደ አባትየው ልምጣ። እኔ ያደግሁት አቃቂ ነው። ከደቡብ የሚመጣው አውቶቡስ ቃሊቲ መናኸሪያ ሲደርስ አብርሃምን የመሰለ ሰው ይወርዳል፤ አንዲት ፌስታል አንጠልጥሎ በማግሥቱ ከቀን ሠራተኛ ጋር ይሰለፋል። ከተቀጠረ ድንጋይ ይሸከማል፣ ካልተቀጠረ ጦሙን ያድራል። ይህ ሰው ልጁን ይዞ ይምጣ የምትሉ ወዳጆቼ፣ የት ያሳድረው? ማንስ ይጠብቅለት?

ጭካኔ አይደለም ማለቴ ግን ጉዳት የለም ማለቴ አይደለም። ሁለት ወላጅ ያለው ልጅ አንዱ ቢሄድ አንዱ ይቀርለታል። ብቸኛው ወላጅ ሲሄድ ግን «ይህ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይችላል» የሚለው ምስክርም አብሮ ይሄዳል። ሰሎሞን ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ የሚያየው ግን በሬ የሚጠምድ ክንድ ብቻ ነው። ክንዱ ቀጭን ሆነበትና ተናደደ።

እዚህ ላይ የምትሞግተኝ ጽዮን ናት። የሰሎሞን ልጅ ናት፤ ጋዜጣ ታነባለች፣ ስለ መሬቱና ስለ ዝናቡ ታስባለች፤ አላገባሽም ተብላ ግን ትዘለፋለች። ከወላጆቿ ጋር እየኖረች ምስክር አጣች። ስለዚህ የወላጅ ቤት መኖር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ይህን አልክድም።

እኛስ ከሰሎሞን በምን እንሻላለን? በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የቀሩት እጃቸው ምን እንደሚያውቅ የጠየቀ አላየሁም። እኛ ግን ያለፍነው ብቻ ባለ ተሰጥኦ የሆንን ይመስለናል፤ በካፌ ተራ ቆመን እንኳ እንደዚያ ነው የምናወራው።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ፊልሙን ባለ መብቱን አስፈቅደን አንድ እሑድ አቃቂ ወስደን ለቀን ሠራተኞች በነፃ እናሳይ። አብርሃም ጨካኝ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እነሱ ይፍረዱ፤ እኛ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን እንስማ።