ጣሪያው በማን ላይ ይሁን?

በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲተሙ ደካማው ማን፣ ጉልበተኛው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። በተለይ በደቡብ መልሱ ግልጽ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ባለመሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ ትራክተር ሲገባ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ተነቀለ። ጭሰኝነትን ለማሻሻል የተረቀቀው ሕግም ባለመሬቶች በሞሉበት ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ፤ ማን በራሱ ላይ ይፈርዳል?

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሻረ፤ ይዞታንም በ10 ሄክታር ወሰነ። ይህን በማድረጉ አልከሰውም። የሳተው ትንሿን ባለይዞታ ነው። ሠራተኛ መቅጠርን ሲከለክል ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፣ በሽተኛውንና ሽማግሌውን ነጥሎ ፈቀደላቸው፤ ማከራየትን ግን ለሁሉም ዘጋ። ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት ሴት የሠራተኛ ደመወዝ ከየት ታምጣ? አቅሟ የሚፈቅደው የእኩል መስጠት ነበር፤ እሱ ደግሞ ክልክል ሆነ።

ዛሬ ማከራየት ተፈቅዷል፤ ነገሩም ተገልብጧል። በብዙ የደጋ ቀበሌ መሬቱን የእኩል የሚሰጡት አቅመ ደካሞች ናቸው፤ የሚያርሰው ጥማድ በሬ ያለው ጎረቤት ነው። ሌላም አራሽ አለ፦ ከመሬት ድልድል በኋላ ያደገና የይዞታ ደብተር የሌለው ወጣት። ሕጋችን እነዚህን ሁለት አራሾች አይለይም።

ለምሳሌ የኦሮሚያ ክልል የ1999 የገጠር መሬት አዋጅ ባለይዞታው ከመሬቱ ከግማሽ በላይ እንዳያከራይ፣ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስም ውሉ ከ3 ዓመት እንዳይበልጥ ደነገገ። የታሰበው ገበሬው ከመሬቱ እንዳይነቀል ነው። ግን ግማሽ ሄክታር ያላቸው አሮጊት የቀረውን ምን ያድርጉት? ጦም ይደር? አራሹስ በሦስት ዓመት ለሚለቀው ማሳ ፍግ ያፈስሳል? እርከን ይጠግናል?

እኔ ጣሪያው ከአከራዩ ላይ ተነሥቶ በሰብሳቢው ላይ ይሁን እላለሁ። አሮጊቷ መሬታቸውን በሙሉ ቢያከራዩ ባላባት አይሆኑም፤ ከአሥር ደካማ ቤት መሬት የሚሰበስበው ግን ሊሆን ይችላል። በተከራዩ የመሬት መጠን ላይ ወሰን ይደረግ፤ ከወሰኑ በታች ላለው፣ በተለይ ለወጣቱ፣ ረጅም ውል ይፈቀድ፤ ውሉ ሲያበቃም ለሠራው እርከን ካሳ ይከፈለው።

ባለይዞታው ግን ረጅም ውል ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። በ1989 በአማራ ክልል በተደረገው ድልድል «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ቅሪት» የተባሉት መሬታቸው ሲቀነስ ያየ ሰው «አላረስክም» ተብሎ እንዳይነጠቅ ይሰጋል። ስለዚህ ማከራየት ይዞታን እንደማያሳጣ በደብተሩ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ውሉም በቀበሌ ይመዝገብ፤ ዘሩንና ማዳበሪያውን ማን እንደሚያወጣ፣ ገለባው የማን እንደሆነ፣ ምርቱ አውድማ ላይ ማን ባለበት እንደሚሰፈር ሳይቀር። አሁን የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ አራሹ ብቻውን ነው።