አራት ጀምረን አንድም አልጨረስንም



ከብቸናና ከሞጣ የመጣን የዚህ ጀመዓ ልጆች ለእረፍት ወደ ቤት በተመለስን ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልንም። ከመግሪብ ሶላት ወጥተን ጫማችንን ስናደርግ አባቶች ጠጋ ይሉና «ልጄ፣ ስትመረቅ ሥራ አለ?» ይሉናል። የሚጠይቁት በምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ል. በሁሉም የትምህርት ክፍል የተጀመረውን የመውጫ ፈተና አልፈው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ከአባታቸው ሱቅ የተቀመጡ ታላላቆቻችንን በየቀኑ ያያሉ።

ለዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ በእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ ብለን እናምናለን። መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 የጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራንና የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስን መሠረት ያለ ክፍያ ያስተምራል፤ ሲያልቅም ሰርተፍኬት ይሰጣል። ሃርቫርድ «ሲኤስ50» የተባለውን የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ለማንም ክፍት አድርጎታል። ኮርሴራ ላይ መክፈል የማይችል ተማሪ ምክንያቱን ጽፎ የክፍያ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ሒሳብ ለከበደው ካን አካዳሚ ከሥሩ ጀምሮ ያስረዳል። በሩ ተከፍቷል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? እውነቱን እንናገር፤ ችግሩ እኛው ነን። ባለፈው ዓመት ቴሌግራም ላይ ሊንክ በመጣ ቁጥር በዚያው ሌሊት ተመዘገብን። አራት ኮርስ ጀመርን። ሁለት ሁለት ቪዲዮ አይተን ተውነው፤ አንዱንም አልጨረስንም። እርግጥ ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በሃርቫርድና በኤምአይቲ የኢንተርኔት ኮርሶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በ2017/18 ከተመዘገቡት 100 ሰዎች የጨረሱት 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። ነፃ ነገር ለመጀመር ይቀላል፤ ለመተውም እንዲሁ።

እኛ ሙስሊሞች ግን ከዚህ የተሻለ የመማር ልምድ ነበረን። በወሎ ዳናና በሌሎች የዒልም ማዕከላት ደረሳው ስንቁን ተሸክሞ ሸይኹ ዘንድ ይሄዳል፤ አንድ ኪታብ ይይዛል፤ እሱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይዘልም። ኢጃዛ የሚሰጠውም ኪታቡን ሸይኹ ፊት ከቀራ በኋላ ነው። ሳይቀሩ ኢጃዛ መያዝ አሳፋሪ ነበር። ዛሬ መልሱን ከጓደኛ ቀድተን የምናወርደው ሰርተፍኬት ከዚያ በምን ይለያል?

ቀጣሪም ቢሆን የሚለየው ይህንን ነው። ወረቀቱን ያያል፤ ቀጥሎ «እስቲ ሠርተህ አሳየኝ» ይላል። ዘምዘምና ሂጅራ ባንክ በ2013 ዓ.ል. ሥራ ሲጀምሩ ከወለድ ነፃ ባንክ ለሚገባው ባለሙያ አዲስ በር ተከፈተ። ኤክሴልን በእጁ ያስገባ፣ ሙራበሓ ከተራ ብድር በምን እንደሚለይ የሚያስረዳ የአካውንቲንግ ተመራቂ፣ አሥር ሰርተፍኬት ደርድሮ ማስረዳት ከሚያቅተው ይሻላል። የአይቲ ተማሪም ለአባቱ ሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያ ይሥራ፤ ከሲቪ በላይ የሚናገርለት እሱ ነው።

የሞጣ ልጆች ይህ ለምን እንደሚያሳስበን ታውቃላችሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ል. መስጂዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ሲቃጠሉ፣ ስንት ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን በአንድ ቀን አጣ። ይህን የምናነሳው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። «ባይሳካ የአባቴ ሱቅ አለ» የሚለው መተማመኛ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ስላየን ነው። የተማሩትን ግን እሳት አይበላውም፤ የትም ቢሄዱ አብሮ ይሄዳል።

«አገር ቤት ኔትወርክ የለም» የሚለን ይኖራል። ልክ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ምን እንደሆንን አንረሳውም። እኛ ግን ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ ካምፓስ ያለንበት ጊዜ አማና መሆኑን ነው። ከሱብሂ በኋላ ዋይፋዩ ሰው አይበዛበትም። የኮርሴራና የካን አካዳሚ መተግበሪያዎች ቪዲዮ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየት ይፈቅዳሉ። አውርደን እንሂድ።

«ሪዝቅ ከአላህ ነው» የሚለንም አለ። አዎ፣ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ገበሬው አባታችንም ዱዓ እያደረገ ነው ጤፉን የሚዘራው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ባቱሽግ የተባለ የ15 ዓመት የሞንጎሊያ ልጅ የኤምአይቲን ነፃ የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ ሙሉ ውጤት አምጥቶ ጨረሰ፤ በኋላም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ ብቻውን እንዳልነበረ ነው። ርእሰ መምህሩ ኮርሱን ለተማሪዎቹ በቡድን አዘጋጅቶላቸው ነበር፤ መሣሪያ ይዞ መጥቶ የሚያግዛቸውም ሰው ነበር።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። በአንድ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ እንያዝ። ሦስት ሦስት ሆነን፣ እህቶችም በራሳቸው ቡድን፣ ጁምዓ ከሰገድን በኋላ በሳምንት አንዴ እንገናኝ፤ ያልሠራ ሰው ለምን እንዳልሠራ ይናገር። ኮርሱ ሲያልቅ ለሌላው የምናሳየው አንድ ሥራ ይኑረን። ለእረፍት ስንሄድ ደግሞ በፍላሽ ይዘን፣ ብቸናና ሞጣ ላሉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል፣ የተማርነውን እናካፍል። ያን ጊዜ ከመስጂድ ስንወጣ ለሚጠይቁን አባቶች የምናሳያቸው ነገር ይኖረናል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ እውቀትና የጀመሩትን መጨረስ ይወፍቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።