የአለቃ ገብረ ሐና ሌላው ሥራ

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ የሰባት ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት የሰማውን የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ነገረን። አለቃ መንገድ ላይ አህያ የምትነዳ ሴት ያገኙና «እንደምን ዋላችሁ?» ይሏታል። ሴትዮዋ «ብቻዬን ሆኜ ለምን ዋላችሁ አሉኝ?» እያለች ጥቂት ከሄደች በኋላ፣ ሰላምታው ለእሷና ለአህያዋ እንደነበር ይገባታል።

ሁላችንም ሳቅን። ልጄ ግን «አባዬ፣ እሳቸው ሥራቸው ቀልድ ብቻ ነበር?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። አንድ ስም በሰው አእምሮ ውስጥ አንዴ ከአንድ ነገር ጋር ከተያያዘ ማላቀቁ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ፎገራ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ሩዝ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዛችሁ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎቹን ሳታዩ አላለፋችሁም። አለቃ ገብረ ሐናም የዚሁ የፎገራ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው ቦታ በ1814 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ይነገራል። እሳቸውንም በአንድ ነገር ብቻ፣ በቀልዳቸው፣ ይዘናቸው ቀርተናል።

አለቃ ግን ጎንደር ላይ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። ዘመናቸው ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ አፄ ምኒልክ ይደርሳል። ትልቁ ሥራቸው ደግሞ በአቋቋም ነው። አቋቋም ማለት ካህናትና ደባትር መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ በከበሮ ታጅበው ማኅሌት ሲቆሙ የምናየው ሥርዓት ነው። አለቃ በዚህ ላይ አዲስ ስልት ጨመሩ። ሰውነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝበት ስልት ነው፤ ሐሳቡን ያገኙት የጣናን ማዕበል ሲመለከቱ ነው ይባላል።

እንደሚተረከው የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት በቀላሉ አልተቀበሉትም። አለቃ ግን ሥራቸውን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም ተምሮ ለሌሎች አስተላለፈው። ዛሬ ስልቱ «የተክሌ አቋቋም» ነው የሚባለው፤ የሚጠራው በፈጠሩት አባት ሳይሆን ባቆየው ልጅ ስም ነው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ደብረ ታቦርም በዚህ ትምህርት የታወቀች ሆነች።

በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረውን የጥምቀት በዓል ለማየት የውጭ እንግዶች ይመጣሉ። ካሜራቸውን የሚደቅኑት ነጭ ለብሰው በሚወዛወዙት ካህናት ላይ ነው። ቀልዳቸውን ከምናውቀው ሰው ቤት የወጣ ጥበብም እዚያ መካከል አለ፤ እኛ ግን ለልጆቻችን አልነገርናቸውም።

ቀልዱ ይቅር አልልም። በየቤቱ በየጊዜው የሚጨመርላቸው ቀልድ ብዙ ስለሆነ የትኛው የራሳቸው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል እንጂ፣ ልጆችን ወደ አለቃ የሚያቀርብ ጥሩ በር ነው። በሩ ላይ ግን አንቁም። በሚቀጥለው በዓል ማኅሌት ስታዩ ልጃችሁን ጠጋ አድርጋችሁ «እነዚያን ቀልዶች የተናገሩት ሰው ይህንንም ሠርተዋል» በሉት።

እኔስ? አባቴ በወጣትነቱ ዋሽንት ጎበዝ እንደነበር ከአጎቶቼ እሰማለሁ። በቤታችን የሚወራው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ በሠርጉ ዕለት ጫማውን አዟዙሮ ማድረጉ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ አንድም ቀን «አሳየኝ» ብዬው አላውቅም። እሑድ ማታ ደወልኩለትና ዋሽንቱ የት እንደገባ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሳቀ።

«ቆጥ ላይ ነው» አለኝ። «ስትመጣ ልጁን ይዘኸው ና።»