ገዳዩ የጻፈው ብቻ ነው ወይ ታሪክ?

የሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ሰሞን ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ዋሂልና ስለ ሌሎቹ የገጠር ቀበሌዎች የአርበኝነት ዘመን ወሬ ተነሣ። አንድ የተማረ ሰው ብድግ አለና፣ ሰነድ እስካልተገኘ ድረስ የሽማግሌዎቹ ቃል ተረት እንደሆነ ነግሮን ተቀመጠ። ይባስ ብሎ ተጨበጨበለት!

ለመሆኑ የማንን ሰነድ ነው የሚጠብቀው? ከግንቦት 1 ቀን 1928 እስከ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ማኅተም የሚመታው፣ ቴሌግራም የሚልከው ጣሊያን ነበር። ለአርበኛ ስንቅ ያቀበለ ገበሬ ደረሰኝ ቆርጦ ይስጥ ኖሯል? ቢያዝ የሚያሰቅለውን ወረቀት ለእኛ ምሁር ብሎ ሣጥን ውስጥ ያኑር?

እስቲ ሰነድ ያለውን እንይ። የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ለሮም በላከው ቴሌግራም ደብረ ሊባኖስ ገዳም ላይ 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች እንደተረሸኑ አስታወቀ። ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት ጨምሮ ድምሩን 449 አደረሰው። ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ላኪው ይታወቃል፤ ምሁራችን የሚሳለመው ዓይነት ወረቀት። ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የዓይን ምስክሮችንና ሽማግሌዎችን እየዞሩ ጠየቁ። የደረሱበት ግምት ከ1,423 እስከ 2,033 ሰው ነው። ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ ከ900 በላይ ሟች ከዚያ የተከበረ ሰነድ ውስጥ የለም።

ሽማግሌ ያጋንናል ይሉናል። ግራዚያኒስ አያሳንስም? ከጦርነቱ በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር የጣሊያንን የጦር ወንጀል ማስረጃ አሰባስቦ ሲያሳትም እንኳ፣ ቴሌግራሞቹን ከምስክሮች የመሐላ ቃል ጋር ጎን ለጎን ነው ያወጣቸው። ያኔ የገባቸው ነገር ዛሬ ዲግሪ ለደረደረው እንዴት ይጠፋዋል?

ጣሊያን ሲገባ የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። የቀረን ከአባቶቻቸው የሰሙ ልጆች ናቸው፤ እነሱም አርጅተዋል። አፋን ኦሮሞ የሚችል ወጣት ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይዞ ዋሂል ቢሄድ የማንም በጀት አይናጋም። የሮምን መዝገብ ቤት የሚናፍቅ ከዚያ በኋላ ይሂድ፤ ወረቀቱ እንደሆነ አይሞትበትም።