ቤታችሁን ባዶ ጥላችሁ ለቅሶ አትውጡ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ሌባ ቤታችን ባዶ የሚሆንበትን ቀንና ሰዓት ለማወቅ አይደክምም። እኛው እንነግረዋለን። ጎህ ሳይቀድ የዕድራችን ለፋፊ ጡሩምባውን ነፍቶ የሟቹን ስም፣ ቀብሩ የሚፈጸምበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰዓቱን ሲናገር ሌባውም አብሮን ይሰማል። ሰፈሩ አስከሬን ተከትሎ እንደሚወጣ፣ ከቀብር መልስም ድንኳን ውስጥ እንደሚቆይ ያውቃል። የሐዘንተኛው ቤት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አይለይም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ ሁሉ እንባውን እየጠረገ ጓዳ ድረስ ይዘልቃል። ለቅሶ የመጣን ሰው "የማን ነህ?" ማለት ነውር ስለሆነ ሁላችንም ዝም እንላለን። ይህ ዝምታ ይብቃን። "ይግቡ፣ ለሟች ምናቸው ነዎት?" ብሎ በአክብሮት የሚቀበል አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቢቀመጥ እውነተኛ ሐዘንተኛ አይቀየምም።

በዓላችንም እንዲሁ የታወቀ ነው። ጥር 10 ታቦት ሲወጣ ቤተሰቡ በሙሉ ይወጣል። ኅዳር 21 አክሱም ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የምንሄድ ደግሞ ቤታችንን ለቀናት እንዘጋለን። ሂዱ፣ ተሳለሙ፤ ስለታችሁን አስገቡ። ነገር ግን መንገዱን ከሳምንት በፊት በየሱቁና በየታክሲው አታውሩት። የልጅ ልጆቻችሁንም ፎቶውን ከመንገድ ላይ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፉ ለምኗቸው፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ቢለጠፍ ምንም አይጎድልበትም።

ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ብቻውን አያድንም፤ እንዲያውም ውስጥ ሰው እንደሌለ ይናገራል፤ ፌሮ ለያዘ ሌባም ብዙ አይከብደውም። ከበሩ ጋር የተገጠመ ጠንካራ ቁልፍ ይሻላል። ቆርቆሮ ክዳን ያለን ሰዎች ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን እንፍራ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ሚስማር ሲነቀል አይሰማም። ክረምት ሳይገባ የላላውን ሚስማር አስመቱ፤ መሰላልም ግቢ ውስጥ አጋድማችሁ አትተዉ። ቁልፍ ምንጣፍ ሥር ወይም አበባ ማሰሮ ውስጥ መደበቅም ይቅር፤ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ ቤታችንን የሚያውቅ ሰው ነው ብዙ ጊዜ መንገድ የሚያሳየው። ሠራተኛ ከደላላ ስትቀበሉ ተያዥ ሳትይዙ፣ መታወቂያዋን ሳታዩ፣ ቅጂውን ሳታስቀሩ አታስገቡ። ይህን ስል ግን አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፤ ዕቃ በጠፋ ቁጥር ጣታችንን መጀመሪያ የምንቀስረው በዚያች ከገጠር በመጣች ልጅ ላይ መሆኑ ግፍ ነው። በሐሰት የተከሰሰች ድሃ እንባ በማናችንም ቤት እንዲወድቅ አልፈልግም። ደመወዟን በወቅቱ ስጧት፣ በወርቅና በገንዘብ ፊትም አትፈትኗት። "ከመብራት ኃይል ነኝ፣ ቆጣሪ ላይ" እያለ የሚመጣውንም የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ሳያሳይ በር አትክፈቱለት። ቀትር ላይ ብቻችንን ቤት የምንውለው እኛ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መሆናችንን አውቆ ነው የሚመጣው።

ልጆቻችን ከውጭ የሚልኩትን ገንዘብ ፍራሽ ሥር የምናኖርስ? መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር፤ ቤት የተከማቸ ገንዘብ ከሌባም ሌላ ጠላት እንዳለው ያኔ ታይቷል። ባንክ አስገቡት። ወርቃችሁን ፎቶ አንሱት፤ የቴሌቪዥኑን መለያ ቁጥር ጻፉት። የእኔ ነው ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአካባቢው ተነሥተው ወደ አዲስ ሰፈር የሄዱ እኩዮቻችን ያሳስቡኛል። የድሮው ሰፈር ቁልፍ ጎረቤት ነበር፤ ያልታወቀ ሰው ግቢ ሲገባ አንዲት ሴት ከመስኮቷ "ማንን ፈልገህ ነው?" ትል ነበር። አሁን ፎቅ ላይ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ስም ሳያውቁ ብዙዎቹ ይኖራሉ። እባካችሁ ቡና አፍልታችሁ ጥሯቸው፤ ስልክ ቁጥራቸውን ያዙ፣ የእናንተንም ስጧቸው።

ሌሊት ኮቴ ብትሰሙ ከዘራ ይዛችሁ አትውጡ። በዚህ ዕድሜ ወድቆ ዳሌ መስበር ከቴሌቪዥን መጥፋት ይብሳል። መብራት አብሩ፣ ጩኹ፣ ጎረቤት ቀስቅሱ፣ 991 ደውላችሁ ለፖሊስ ንገሩ። ሌባው ቢያዝም ዱላ የምታነሡ እንዳትሆኑ፤ የሰው ነፍስ በእጃችን እንዳትጠፋ፣ ለፖሊስ አስረክቡት። መስኮታችሁን በፍርግርግ ያጠራችሁም ከውስጥ የሚከፈት አንድ መውጫ ይኑራችሁ፤ ቁልፉም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ። እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው፤ ግን እነሱ እስኪደርሱ መውጫ ያስፈልጋል።

ለዕድራችን ዳኛና ጸሐፊ የማቀርበው አንድ ጥያቄ ነው። ቀብር በሚኖር ቀን አራት ሰው በተራ ሰፈር ይቅር፤ ሁለቱ ሐዘንተኛው ቤት፣ ሁለቱ መንገድ ላይ። የቀረ ሰው ቀብር እንደሄደ ይቆጠርለት እንጂ አይቀጣ። እንዲህ ያለውን ተራ እኛ መራመድ የከበደን ሽማግሌዎች ልንይዘው እንችላለን፤ በሚመጣው ወር ስብሰባ በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ።